የእናት ጭቃ፣ የአባት መዝገብ

በሰሜን አሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሳንታ ፌ ከተማ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሪዮ ግራንዴ የተባለው ወንዝ ደረቁን ምድር እያረሰረሰ በሚወርድበት ሸለቆ፣ ተወላጆቹ በቴዋ ቋንቋቸው ኻፖ ኦዊንጌ የሚሉት፣ እስፓኞች ግን በገቡ ጊዜ በቅድስት ክላራ ስም ሳንታ ክላራ ብለው የሰየሙት መንደር ይገኛል። ነዋሪዎቹ ከፑዌብሎ ሕዝቦች ወገን ናቸው፤ አባቶቻቸው ፑዬ በተባለው ተራራ ላይ ዐለት ፈልፍለው ከሠሯቸው ቤቶች ወርደው በወንዙ ዳር ከሰፈሩ በኋላ፣ በ1598 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእስፓኝ ጭፍራ መጣባቸው፤ በ1680 የፑዌብሎ ሕዝቦች በአንድ ቃል ተነሥተው ባዕዱን ለ12 ዓመት ከሀገራቸው አስወጡት፤ ባዕዱም ተመልሶ ገባ፤ ኋላም ምድሩ ከእስፓኝ ወደ ሜክሲኮ፣ በ1848 ደግሞ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ መንግሥት እጅ ተላለፈ። ስለዚህም የመንደሩ ሰው የቤተሰቡ ስም እስፓኝኛ፣ የትምህርት ቤት ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ የአባቶቹ ጸሎት ቴዋ ሆኖ ይኖራል፤ በየዓመቱ ኦገስት 12 ቀን፣ ማለት በእኛ ነሐሴ 6፣ የቅድስት ክላራን በዓል ለማክበር ቅዳሴ ሰምቶ ሲወጣም በአደባባዩ የሚመታው ከበሮና የሚረገጠው ጭፈራ ቅዳሴው ከመምጣቱ አስቀድሞ የነበረው ነው።

እንግዲህ መደባለቅ ለሳንታ ክላራ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዱ ከሌላ ወገን የሆነበት ልጅ የመንደሩ ልጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እነሆ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክር፣ በሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት ሳይቀር ሲቆም፣ የሕግ ሊቃውንትንም እስከ ዛሬ ለሁለት ሲከፍል ኖሯል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንደር፣ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጭቃ የመረመሩ ሴቶች ተነሥተዋል፤ የእነርሱም ሥራ በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ ታላላቅ ቤተ መዘክሮችና አደባባዮች ላይ ይታያል። ክርክሩን ከሥራው፣ ሥራውንም ከክርክሩ ለይቶ ማየት ሁለቱንም ማጉደል ስለሚመስለኝ፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ላይ እይዛቸዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ጭቃው። በሳንታ ክላራ ሸክላ የምትሠራ ሴት አፈሩን ለመቆፈር ስትወጣ የበቆሎ ዱቄት ይዛ ሄዳ፣ ለጭቃ እናት ሰጥታና ለምና፣ የሚበቃትን ያህል ብቻ ታወጣለች። የመጣው አፈር ይደርቃል፤ ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ ከዚያም ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ነጭ አመድ ይቀላቀልበታል፤ ይህ አመድ ካልገባበት ንጹሑ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲተኮስም ይፈነዳል። የማሰሮው መቀመጫ በጎድጓዳ ሳሕን ላይ ከተበጀ በኋላ፣ በመዳፍ መካከል እየተሽከረከረ እንደ ገመድ የረዘመው ጭቃ ዙሪያውን እየተደራረበ ግድግዳው ይነሣል፤ መገጣጠሚያው በጣት ይደፈናል፤ በቅል ስባሪ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ቀጭን የቀይ አፈር ውኃ ተቀብቶ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ በሚተላለፍ የወንዝ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይታሻል። እነዚህ ጠጠሮች እንደ ወርቅ የሚጠበቁ የቤት ንብረት ናቸው፤ ብዙ እጅ አልፎባቸው አንድ ጎናቸው ጠፍጥፎ ይታያል። ትኩሱ በሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት ነው፤ ማሰሮው ጥቁር እንዲሆን ከተፈለገ እሳቱ በጋለበት ሰዓት የደቀቀ ፍግ ይደፋበትና ነፋስ እንዳይገባ ይታፈናል፤ ጢሱ ወደ ሸክላው ሰርጾ ቀዩን መልክ እንደ ቁራ ክንፍ ያጠቁረዋል። በጥቁሩ ገላ ላይ ብዙ ጊዜ የድብ መዳፍ ይታተማል፤ በድርቅ ዘመን ሕዝቡን ወደ ውኃ የመራው ድብ ነው ተብሎ ይተረካልና።

በእኛ ሀገር እንስራውንና ምጣዱን የምትሠራው ሴት እንጀራዋ እየተበላ ስሟ በበጎ የማይነሣበት ዘመን ረጅም ስለ ነበረ፣ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ በሳንታ ክላራ የሸክላ ሠሪነት ትውልድ ክብር ነው። ከ1904 እስከ 2001 የኖሩት ማርጋሬት ታፎያ የሠሯቸው ታላላቅ ጥቁር ገንቦዎች የቤተሰቡን ስም ከነገሥታት ስም ባላነሰ አስጠርተዋል። ይህም ክብር የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ ልጅ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጭቃ እየነካካች፣ ሳትታዘዝና ሳትመረመር የጥበቡ ባለቤት ትሆናለች፤ አባቷ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጠጠር የለም።

አመዱ ባይቀላቀልበት አፈሩ ይሰነጠቃል የሚለውን ነገር ይዞ፣ ዘርም እንዲሁ ሲቀላቀል ይጠነክራል ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ስለ እነዚህ ሴቶች የጻፉ ሰዎችም ያን መንገድ አልተዉትም። እኔ ግን ያን ምሳሌ እፈራዋለሁ። ምክንያቱም ስለ ዘር ጥራት የሚሰብክ ሰውም ከዚያው ከሸክላ ቤት ተቃራኒውን ምሳሌ ለቅሞ ለማውጣት አያዳግተውም፤ የሰው ልጅ መብት ደግሞ በአፈር ጠባይ ላይ ሊመሠረት አይገባውም።

አሁን ወደ መዝገቡ፣ የመንደሩ አባላት ወደሚጻፉበት፣ እንለፍ። በ1934 የአሜሪካ ምክር ቤት የሀገሩ ቀደምት ሕዝቦች የየራሳቸውን ሕገ መንግሥት ጽፈው እንዲተዳደሩ የሚፈቅድ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ሳንታ ክላራ ሳትዘገይ በ1935 የራሷን ሕገ መንግሥት አጸደቀች። በዚያን ጊዜ ከውጭ ሰው የተወለደ ልጅ ጉዳይ በምክር ቤቱ ፈቃድ የሚወሰን ነበረ፤ እንደየቤቱና እንደየልጁ ይታያል ማለት ነው። ከውጭ ጋራ የሚደረገው ጋብቻ እየበዛ ሲሄድ ግን የጋራው መሬት ለስንት እንደሚከፈል ያሳሰበው ምክር ቤት በ1939 አጭርና ቁርጥ ያለ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም የመንደሩ ወንድ ከውጭ ሴት ቢያገባ ልጆቹ የመንደሩ አባላት እንዲሆኑ፣ የመንደሩ ሴት ከውጭ ወንድ ብታገባ ግን ልጆቿ እንዳይሆኑ፣ ከዚህም በቀር በማናቸውም መንገድ ሰው ወደ አባልነት እንዳይገባ የሚል ነው።

ወይዘሮ ጁሊያ ማርቲኔዝ የመንደሩ ተወላጅ ነበሩ፤ ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1941፣ ከናቫሆ ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው አገቡ። ባልየው ነጭ አልነበረም፤ እስፓኝም አልነበረም፤ በአሜሪካ መንግሥት ዓይን ከሆነ ባልና ሚስቱ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም «ሕንድ» ናቸው፤ መንግሥቱ የሀገሩን ቀደምት ሕዝቦች ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነውና። ናቫሆዎች ደግሞ ጎሣን የሚቆጥሩት በእናት ነው። ስለዚህ ልጆቹ በአባታቸው ሀገር ጎሣቸው በእናታቸው በኩል ሲጠየቅ፣ በእናታቸው ሀገር ደግሞ በአባታቸው በኩል ተጠየቁ። በሳንታ ክላራ አደጉ፤ ቴዋ ተናገሩ፤ በመንደሩ ሥርዐት ውስጥ ኖሩ፤ ነገር ግን ድምፅ መስጠትና መመረጥ አልተፈቀደላቸውም፤ እናታቸው ቢሞቱ ቤታቸውንና የመሬት ድርሻቸውን መውረስ ይቅርና በመንደሩ ለመኖር እንኳ መብት የላቸውም፤ ለሕንዶች የተመደበውን የመንግሥት ሕክምና ለማግኘትም ለብዙ ጊዜ ተቸግረዋል። ወይዘሮ ጁሊያ ምክር ቤቱን ደጋግመው ለመኑ። ልመናው ሳይሰምር ሲቀር በ1968 የወጣውን የሕንዶች የሲቪል መብት ሕግ መሠረት አድርገው፣ ከልጃቸው ከኦድሪ ጋራ ሆነው መንደራቸውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ክሱ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፈ፤ በይግባኝ አሸነፈ፤ በመጨረሻም ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሜይ 15 ቀን 1978 ተሸነፈ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ናቸው፤ እኒህም ዳኛ ከመሾማቸው በፊት የጥቁሮች ጠበቃ ሆነው፣ በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት የመለየትን ሕግ ተሟግተው ያፈረሱ፣ በዚያ ወንበር ላይም ከጥቁሮች ወገን የመጀመሪያው ሆነው የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ልዩነትን ሲዋጋ የኖረ ሰው በሴትና በወንድ ልጆች መካከል የተደረገውን ልዩነት እንዴት ሳይሽረው ቀረ ብለው ብዙዎች ጠይቀዋል፤ እስከ ዛሬም ይጠይቃሉ። መልሱ በፍርዱ ውስጥ ግልጽ ነው፤ ማርሻል ደንቡ ጻድቅ ነው አላሉም። ያሉት፣ እነዚህ ሕዝቦች ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አስቀድሞ ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ የኖሩ ስለ ሆኑ፣ የ1968ቱም ሕግ በግፍ የታሰረን ሰው ከማስፈታት በቀር መንደሩን በፌዴራል ዳኛ ፊት የሚያቆም በር ስላልከፈተ፣ የመንደሩ ልጅ ማን ነው የሚለውን መወሰን የመንደሩ እንጂ የዋሽንግተን ሥልጣን አይደለም ነው። ከችሎቱ ይህን አጥብቀው የተቃወሙት አንድ ዳኛ ብቻ፣ ባይረን ዋይት ናቸው።

የእኔ አስተያየት ከሁለቱም ወገን ጥቂት ይወስዳል። መሬቱን፣ ልጆቹንና ቋንቋውን ለአራት መቶ ዓመት ሲነጠቅ የኖረ ሕዝብ፣ የቀረችውን አንዲት ሥልጣን፣ «እኛ» የሚለውን ቃል ወሰን የማበጀትን ሥልጣን፣ ለባዕድ ዳኛ አሳልፎ እንዲሰጥ መጠየቅ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ ፍርዱን በጅምላ ከሚነቅፉት ጋራ አልቆምም። ደንቡ ግን የጥንት አይደለም። የጥንቱ ልማድ እያንዳንዱን ልጅ በፊቱ አቁሞ የሚያይ ነበረ፤ በአባት ብቻ መቁጠርና በወረቀት ማጥበቅ የመጣው ሕገ መንግሥቱ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ በኋላ ነው። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት፣ የዚያው መንደር ልጅ የሆኑት ሊቅ ሪና ስዌንትዘል፣ በቴዋ አስተሳሰብ መሪ ማለት እንደ እናት መጋቢ ማለት መሆኑን እየጠቀሱ፣ ልጅን በመዝገብ ከእናቱ መለየት ለቴዋ ልብ ባዕድ እንደ ሆነ በይፋ ጽፈዋል።

ሪና የተወለዱት ደንቡ በወጣበት በ1939 ነው። እናታቸው ሮዝ ናራንሆ የታወቁ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ከዚያ ቤት የወጡት ልጆችም እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ጭቃን ከማሰሮነት አውጥተው ወደ ሌላ ነገር ወስደውታል። ሪና የሕንጻ ጥበብ ተምረው ስለ ፑዌብሎ ቤት አሠራር የጻፉት እንደ ትልቅ ምንጭ ይጠቀሳል። ወንድማቸው ማይክል በቬትናም ጦርነት ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ሐውልት የሚቀርጹ ሆኑ። እኅታቸው ኖራ ናራንሆ ሞርስ በ2007 በዋሽንግተን ከሕንዶች ብሔራዊ ቤተ መዘክር ደጅ ከጭቃ፣ ከገለባ፣ ከእንጨትና ከድንጋይ አምስት ምስሎች አቆሙ፤ ምስሎቹም ሳይተኮሱ በዝናብና በነፋስ እየተሸረሸሩ መልካቸውን እንዲለውጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የመንግሥት ሐውልቶች ሁሉ በእብነ በረድ ለዘለዓለም ቆመናል በሚሉበት አደባባይ ላይ ይህን ማድረግ ትንሽ ቀልድም ያለበት ይመስለኛል።

ሪና ነጭ አሜሪካዊ የኮሌጅ መምህር አግብተው ሮክሳን ስዌንትዘልን በ1962 ወለዱ። ሮክሳን በልጅነታቸው አንደበታቸው ይያዝ ስለ ነበረ፣ የልባቸውን የሚናገሩት ከእናታቸው ጭቃ ቆርሰው በሚሠሯቸው ትናንሽ ምስሎች ነበር፤ በትምህርት ቤት ደስተኛ አለመሆናቸውን ለእናታቸው ያስታወቁት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ የምታለቅስ ትንሽ ልጅ ሠርተው ነው ይባላል። ካደጉም በኋላ ሥራቸው ያንኑ ጠባይ አልለቀቀም፤ የሮክሳን ሴቶች ወፍራም፣ ጉልበተ ሙሉ፣ በራሳቸው ሐሳብ የተዋጡ፣ ጣታቸውና የእግራቸው መዳፍ የሚናገር ናቸው። በ1988 «የቀልደኞች መውጣት» ብለው የሠሯቸው ምስሎች፣ በፑዌብሎ ሥርዐት ሕዝቡን ከምድር ውስጥ ወደ ብርሃን መርተው ያወጡት የተባሉትን፣ ገላቸው በጥቁርና በነጭ መስመር የተዥጎረጎረውን ቅዱሳን አስቂኞች ያሳያሉ። ይህን ጥቁርና ነጭ አይተው «እነሆ የክልስነት ምልክት» የሚሉ ተመልካቾች አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። መስመሩ ከሮክሳን አባት በፊት፣ ከእስፓኞችም በፊት የነበረ የሥርዐት ምልክት ነው፤ ከሁለት ወገን የተወለደ ሠዓሊ የሠራው ነገር ሁሉ ስለ መወለዱ ብቻ ይናገራል ማለት ሌላ ዓይነት መዝገብ ማውጣት ነው።

ይልቅስ ጥያቄው በግልጽ የሚታየው በ2011 ለዴንቨር ቤተ መዘክር በሠሩት ታላቅ ሥራ ላይ ነው። አንዲት ግዙፍ የጭቃ እናት ተቀምጣ ልጅ ታቅፋለች፤ ያቺም የታቀፈችው ልጅ ከእርሷ ያነሰ ታቅፋለች፤ ያም ሌላ ታቅፏል፤ እንዲህ እያለ እስከ ትንሹ ይወርዳል። የአባት ምስል በመካከሉ የለም። ይህን እንደ ቅያሜ የሚያይ ይኖራል፤ እኔ ግን እንደ ሐተታ አየዋለሁ፤ ከጭቃው በኩል የሚቆጠር ትውልድ ምን እንደሚመስል ያሳያልና፤ ደንቡ አንድ መስመር ጽፎ በሴቷ ላይ ያቆመውን ቆጠራ ምስሉ ሳያቋርጥ እስከ ታች ያወርደዋል።

የነገሩ ሌላ ወገን ገበያው ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። በሳንታ ፌ ከ1922 ጀምሮ በየዓመቱ የሕንዶች ገበያ ይቆማል፤ ከመላው ሀገር ገዢ ይመጣል፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በሁለት ቀን ሊወሰን ይችላል። ከውጭ የሚገባ የተመሳሰለ ሸክላ ገበያውን እንዳያበላሽ በ1990 የወጣው ሕግ፣ በታወቀ ሕዝብ መዝገብ ያልተጻፈ ወይም በዚያ ሕዝብ የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነው ተብሎ ያልተመሰከረለት ሰው ሥራውን «የሕንድ ሥራ» ብሎ ቢሸጥ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ ያስፈርዳል። ዓላማው መልካም ነው፤ አታላዩን ይይዛል። ነገር ግን ከአያቷ ጠጠር ወርሳ፣ ከአያቷ ጉድጓድ አፈር አውጥታ የምትሠራ ልጅ አባቷ የውጭ ሰው በመሆኑ ከመዝገብ ከወጣች፣ ገበያ ለመቆም ሌላ ምስክር ወረቀት መለመን ግዴታ ይሆንባታል። የፌዴራሉ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በበኩሉ የሰውን የሕንድነት ደም ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ በክፍልፋይ የሚያስታውቅ ወረቀት ይሰጣል፤ ይህን ሲሰማ ግራ የማይገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በሀገሩ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

የሮክሳን ልጅ ሮዝ ሲምፕሰን በ1983 ተወለደች። አባቷ ፓትሪክ ሲምፕሰን በእንጨትና በብረት የሚሠሩ ሠዓሊ ናቸው፤ ስለዚህ ሮዝ በእናቷም በአባቷም በኩል የጥበብ ልጅ ናት፤ የደሟን ክፍልፋይ ማስላት የሚወድ ያስላ። ክልስ መሆኗን ደብቃ አታውቅም። ትልልቅ ትምህርት ቤቶችን አልፋለች፤ በሮድ አይላንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሸክላ ሥራ ማስተርስ ዲግሪ በ2011 ተቀብላለች፤ በኋላም ወደ መንደሯ ተመልሳ፣ በአጠገቡ ባለችው በኤስፓኞላ ከተማ የመኪና ጥገና ተማረች። ኤስፓኞላ ዝቅ ተደርገውና ተሽሞንሙነው በሚነዱ መኪናዎች የታወቀች ከተማ ናት፤ እዚያ መኪና ማሳመር የወንዶች ጥበብ ነው። ሮዝ በ1985 የተሠራ ኤል ካሚኖ የተባለ ሸቭሮሌት አግኝታ ሞተሩንና ገላውን አደሰችው፤ ከዚያም ጥቁር በጥቁር አድርጋ ቀባችው፤ የሚያብረቀርቀው ጥቁር መደብ ሆኖ፣ የማያብረቀርቀው ጥቁር የጥንቱን የማሰሮ ሐረግ ይሥልበታል። ይህ ዘዴ የጎረቤት መንደር የሳን ኢልደፎንሶ ታላቅ ሸክላ ሠሪ ማሪያ ማርቲኔዝ ከባላቸው ከኹሊያን ጋራ ያስገኙት ነው፤ (እኒህ ማሪያ ከከሳሿ ከጁሊያ ማርቲኔዝ ጋራ እንዳይምታቱ፤ የእስፓኝ ስም በዚያ ሸለቆ እንደ አሸዋ ነው)። መኪናውም «ማሪያ» ተባለ። እንግዲህ በዲትሮይት የተፈለሰፈ ብረት፣ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ልማድ ያጌጠ፣ በፑዌብሎ ሴት ሐረግ የተሸፈነ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ ይሄዳል፤ የማን ሥራ ነው ብሎ በክፍልፋይ ለማስላት ቢሞከር ነገሩ ራሱ ይስቃል።

የሸክላ ምስሎቿን ግን ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ሮዝ ጭቃውን አንሥታ ወደ ወለሉ በሰያፍ እየወረወረች እስኪሳሳ ድረስ ትቀጠቅጠዋለች፤ ከዚያም እየቀደደች፣ ቁራጩን በቁራጭ ላይ በጣቷ እየጫነች ታያይዘዋለች። ከአያቶቿ አሠራር የምትለየው እዚህ ላይ ነው። አያቶቿ መገጣጠሚያውን ይደፍናሉ፤ ይፍቃሉ፤ ያሻሉ፤ ማሰሮው ሲያልቅ ከየት ተጀምሮ የት እንደ ተጋጠመ ዓይን አያገኘውም፤ የጥበቡም ፍጻሜ የእጅን ምልክት ማጥፋት ነው። ሮዝ የጣቷን አሻራ፣ የቁራጩን ጫፍ፣ የአንዱን ልጥፍ በሌላው ላይ መጋደም እንዳለ ትተወዋለች። ተመልካች ፊቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ሆዱ ላይ ስፌቱን ይቆጥራል። ማሰሮ ውኃ እንዲይዝ መገጣጠሚያው መጥፋት አለበት፤ ምስል ግን ውኃ አይይዝም። ከሁለት ወገን የተወለደ ሰው በኅብረተሰብ ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ያንኑ የማሰሮውን ሥራ ነው፤ ስፌትህን አሽተህ አጥፋ ይባላል፤ አንደኛውን ሁን ወይም ሌላውን። የሮዝ ምስል ስፌቱን አሳይቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለመለኮት ነገር የተሰጠውን ቃል ለሥጋ ነገር መዋስ ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ያለ ቱሳሔና ያለ ውላጤ፣ ሳይቀላቀሉና ሳይለወጡ፣ አንድ መሆን ማለት በሥጋ ወደሚታይ ነገር ቢመጣ ይህን ይመስላል ባልሁ ነበር።

ምስሎቹ ብዙ ጊዜ ክንድ የላቸውም፤ ወንድ ወይም ሴት ብሎ መለየትም አይቻልም፤ አንገታቸው ረጅም፣ ፊታቸው የተረጋጋ ነው። በገላቸው ላይ የመስቀልና የሰያፍ መስቀል ምልክቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ አራቱን የዓለም ማዕዘን ያመለክታል፣ ሌላው ይጠብቃል። ሽቦ፣ ቆዳ፣ ሲባጎና የጭቃ ዶቃ ይታከልባቸዋል፤ ከመኪና ቤት የመጣው ብረት ከአያት ቤት የመጣውን ሸክላ ሳያፍር ይይዘዋል። አንዳንዶቹ በትከሻቸው ወይም በራሳቸው ላይ ልጅ ይሸከማሉ፤ ሮዝ ራሷ እናት ከሆነች ወዲህ ይህ በዝቷል፤ የእናቷን የዴንቨር ሥራ ያየ ሰው ቆጠራው ከየት እንደሚወርድ አይጠፋውም።

ሥራዋ ከመንደሯ ወጥቶ በሌሎች ሕዝቦች ምድር ላይ ሲቆም ደግሞ የመኖርና የባለቤትነት ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2022 በማሳቹሴትስ፣ በዊልያምስታውን መስክ ላይ፣ ከቅድመ ዘመን ጀምሮ የሞሂካን ሕዝብ በኖረበትና በግድ በተፈናቀለበት ምድር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ 12 የኮንክሪት ምስሎች በአንድ ረድፍ አቆመች፤ ዓይኖቻቸው ከፊት ወደ ኋላ የተፈለፈሉ ቀዳዳዎች ስለ ሆኑ ሰማዩ በጭንቅላታቸው በኩል ይታያል። ሁለት ዓመት ቆይታ በኒው ዮርክ፣ በማዲሰን አደባባይ መናፈሻ፣ ቁመታቸው 5 ሜትር ተኩል የሚያህል ሰባት የብረት ዘበኞችን በክብ አቆመች፤ በመካከላቸው ከመሬት የምትወጣ የነሐስ ሴት ነበረች፤ ዙሪያውንም የዚያው ምድር ነባር ተክል ተተከለበት። ሁለት ተጨማሪ ዘበኞች በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ ኢንውድ ሂል በተባለው ጫካ ቆሙ። እንግዳ ሆና በሄደችበት ምድር አስቀድማ የምትጠይቀው የቦታው ባለቤቶች እነማን ነበሩ የሚለውን ነው፤ ይህ ትሕትና መዝገብ ያስጨነቀው መንደር ልጅ ከመሆን የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ነቀፌታም አለኝ። የነሐሱና የኮንክሪቱ ሥራ ታላቅነት ባይካድም፣ ስፌቱ በቅርጽ ሲፈስስ የአሻራው ሕይወት ይቀንሳል፤ ብረት ጣትን አያስታውስም። የትልልቅ ከተሞች የሥዕል ነጋዴዎችም ክልስነቷን እንደ ማስታወቂያ ጥሩምባ ሲነፉት ይሰማል፤ በመንደሯ መዝገብ ፊት ሸክም የሆነው ነገር በኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ ይጨምራል። ይህ ግን የሠዓሊዋ ጥፋት አይደለም፤ የገዢው ነው።

መዝገቡ የት ደረሰ? ሪና ስዌንትዘል በ2015 አረፉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ የሳንታ ክላራ አባላት ስለዚያ ስለ 1939ኙ ደንብ ድምፅ እንዲሰጡ ተጠይቀው ደንቡን መለወጥን የሚደግፈው ድምፅ በለጠ፤ ወይዘሮ ጁሊያ በፍርድ ቤት ያላገኙትን ነገር የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ በገዛ ድምፃቸው ደገፉት። የ1978ቱ ፍርድ ግን አልተሻረም፤ ዛሬም የቀደምት ሕዝቦች ሥልጣን በተጠየቀ ቁጥር በየችሎቱ ይጠቀሳል፤ ስለዚህ በሌላ መንደር፣ በሌላ መዝገብ ከእናቷ የተለየች ልጅ ብትኖር አቤቱታዋን ይዛ የምትሄደው ወደ ዋሽንግተን አይደለም፤ የገዛ አጎቶቿና አክስቶቿ ወደሚቀመጡበት ወደ መንደሩ ምክር ቤት ነው።